ታላቁ ሩጫ ላይ ቀስ ብሎ፣ ግን ሳያቋርጡ መሮጥ ይቻላል?

የሲኤምሲዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የዘንድሮውን ታላቁ ሩጫ ልሮጥ ነው። ልጨፍር አላልኩም፣ ልሮጥ ነው ያልኩት። ችግሩ፣ ቀርፋፋ ነኝ። የምሬን ነው፣ ትሕትና አይደለም። አንድ ኪሎ ሜትር ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ይፈጅብኛል። 10 ኪሎ ሜትሩን ሳልቆም ብጨርስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አሸናፊዎቹ በ28 ደቂቃ አካባቢ ይገባሉ። እነሱ ገብተው፣ ተሸልመው፣ ቃለ መጠይቅ ሰጥተው ሲያበቁ እኔ ገና ዳገት ላይ ነኝ።

ምን ያህል ቀርፋፋ እንደሆንኩ እንዲገባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት የምሮጠው እዚሁ ሰፈር፣ ኮሪደር ልማቱ በሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ነው። (ድሮ አስፋልት ዳር ከሚኒባስ ጋር ነበር የምጋፋው። እሱ እንኳን ቀርቶልኛል።) በቀደም አንድ ተማሪ ቦርሳውን አንግቦ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ይሄዳል ነው የምላችሁ፣ አይሮጥም። ዳቦ እየበላ። ከዳቦ ቤቱ እስከ ትራፊክ መብራቱ ድረስ ትከሻ ለትከሻ ሆነን ተጓዝን። እኔ ላብ በላብ ሆኜ፣ እሱ እያኘከ። መብራቱ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ «አይዞሽ እትዬ፣ በርቺ» ብሎኝ ተሻገረ። ከልቡ ነው ደግሞ ያለው። አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው።

አትሌቶቹንማ ተዉአቸው። ማለዳ በቡድን ይመጣሉ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ ብዬ ዞር ስል ጀርባቸውን ነው የማየው። ትንፋሻቸው እንኳን አይሰማም። አንዱ የሕንፃ ጥበቃ ደግሞ ሁልጊዜ «ማን አባረረሽ?» ይለኛል። ቀልዱ አላለቀበትም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። መሥሪያ ቤታችን ለሁላችንም ቲሸርት ገዝቶልናል። የሥራ ባልደረቦቼ በቡድን ሊሄዱ ነው። ከበሮ ይዘው፣ ፊታቸውን ቀብተው፣ እየዘፈኑ፣ ሙዚቃ ባለበት ሁሉ እየቆሙ። ደስ ይላል፣ አልቃወምም። እኔ ግን ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ጠዋት የተነሳሁት 10 ኪሎ ሜትር ሳላቋርጥ ለመሮጥ ነው። አንዴም ሳልራመድ። ያን ማድረግ የምችል ይመስለኛል። የሚያስፈራኝ ሕዝቡ ነው። ከፈጣኖቹ ጋር ብቆም ይረግጡኛል። ከኋላ ብቆም ጭፈራው መሃል እቀረቀራለሁ። እንደ እኔ ያለው ሰው የቱ ጋ ነው የሚቆመው?

ሌላም አለ። ከባልደረቦቼ ተነጥዬ ስሮጥ «ኮራችብን» እንዳይሉኝ ምን ብዬ ልለያቸው? ደግሞስ መጨረሻ ብቀር መንገዱ ተከፍቶ መኪና ይመጣብኛል ወይ?

እባካችሁ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል መልስ አትስጡኝ። እናቴም፣ አለቃዬም፣ የጎረቤቴ ልጅም ብለውኛል።

ፈጣኑ፦

በኪሎ ሜትር 9 ደቂቃ ሩጫ አይባልም። ተራመጂ፣ ይሻልሻል።

የሲኤምሲዋ፦

እሺ ፈጣኑ። አንተ ገብተህ ስትጨርስ ቦታ ያዝልኝ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ እንደምን አለሽ። ታላቁ ሩጫን ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቀዋለሁ። ኅዳር 1994 ዓ.ም ነው የተጀመረው፣ በፈረንጆቹ 2001 መሆኑ ነው። ያኔ 10 ሺህ ሰው ነበር የሮጠው። ኃይሌ ራሱ አዘጋጀው፣ ራሱ ሮጠ፣ ራሱ አሸነፈ። እኔ ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበርኩ፣ ሆዴም እንደዛሬው አልነበረም። አሁን ከ40 ሺህ በላይ ሰው ነው የሚወጣው። ዛሬ ፍጥነቴ ካንቺ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ የምነግርሽ በእግሬ ያየሁትን ነው።

መጨረሻ የመቅረቱን ነገር ከአእምሮሽ አውጪው። መጨረሻ ልሁን ብትዪ እንኳን አትችይም። ከኋላሽ የሚራመዱ፣ ልጅ አዝለው የሚሄዱ፣ ቁጭ ብለው ፎቶ የሚነሱ ሺህ ሰዎች አሉ። መኪና አይመጣብሽም።

የመቆሚያው ነገር ግን የተገባ ጥያቄ ነው። እዚህ አገር ሩጫ ላይ ከኋላ ያለው ቀርፋፋ ሯጭ አይደለም፣ ጨፋሪ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይለይም። «እኔ ቀርፋፋ ነኝ» ብሎ በትሕትና ወደ ኋላ ይሄድና ሁለት ሰዓት ሙሉ የሰው ጀርባ ሲገፋ ይውላል። ለፈጣኖቹ የተለየ መነሻ ስላለ እነሱ አያሰጉሽም። ካንቺ ጋር የሚነሳው ሕዝብ ውስጥ በጠዋት ደርሰሽ ወደ ፊት ተጠጊ። ፊት ለፊት ሳይሆን፣ ሲሶው ሕዝብ ካንቺ ፊት ሲቀር ያለው ቦታ ላይ። ከዳር ቁሚ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ያልፍሻል። ይለፍ። የሚያልፍሽ ሰው አይዘጋብሽም። የሚዘጋብሽ ልታልፊው የምትሞክሪው ነው።

የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በጣም ተጠንቀቂ። ሕዝቡ ይጮኻል፣ ሙዚቃው ይመታል፣ እግርሽ ሳታውቂው ይበራል። ጎረምሳው ሁሉ እንደ መቶ ሜትር ይፈተለካል። ከዚያ ዳገት ሲመጣ ድንገት ቀጥ ይላል፣ እፊትሽ ላይ። ስለዚህ ዳገት ሲቃረብ የሰዎችን ጀርባ ተመልከቺ። ትከሻው የሚወዛወዝ፣ ወገቡን የያዘ ሰው ሊቆም ነው። ቀድመሽ ወደ ጎን ውጪ።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ እኔ ሰዓት አላይም። አቡነ ዘበሰማያትን በአፌ እላለሁ፣ ድምፄ ለራሴ እስኪሰማኝ። አንዱን ሐረግ ሳይቆረጥብኝ ከጨረስኩ ፍጥነቴ ልክ ነው። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ላይ ትንፋሽ ካጠረኝ እቀንሳለሁ። አንቺ ሌላ የምትወጂውን ነገር በዪ፣ ግጥምም ይሆናል፣ የብዜት ሠንጠረዥም ይሆናል። መናገር መቻል ነው ዋናው። መስመሩ ከዓመት ዓመት ይቀያየራል፣ ዳገቱ ግን አይቀርም። ዳገት ላይ እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ዓይንሽን አምስት ስድስት ሜትር ፊትሽ ላይ ጣይ። ጫፉን አትመልከቺ። «ሳልራመድ» ብለሻልና፣ በጣም አጭር እርምጃ እየሮጡ ከሚራመድ ሰው እኩል መሄድም ሩጫ ነው። ማንም አይከስሽም።

ስለ ኅዳርም አንድ ነገር ላንሳ። ሩጫው ከኅዳር 12 ብዙም አይርቅም። «ኅዳር ሲታጠን» ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሰብስቦ ያቃጥላል። በ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ የገባ ጊዜ የመጣ ልማድ ነው። ጭሱ ደግሞ ሲመሽም ሲነጋም ሰፈሩ ላይ ተኝቶ ታገኚዋለሽ። የዚያን ማታና በማግስቱ ጠዋት አትሩጪ። ልምምድ ቀረብኝ ብለሽ አትዘኚ። በመጨረሻው ሳምንት የሚጨመር ጉልበት የለም፣ የሚጎዳ ሳንባ ግን አለ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ሩጫው አንዳንድ ዓመት ጾም ላይ ይውላል። ጾመኛ ከሆንሽ አትስጊ፣ እሑድ ስለሆነ ጠዋት ቁርስ ትበያለሽ፣ ጾም ምግብ ነው እንጂ። በሶ በማር በጥብጠሽ ከመነሳትሽ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለሽ ጠጪ። ሙዝም ደህና ነው። አዲስ ነገር ግን ያን ቀን አትሞክሪ። ሽንት ቤት ከቤትሽ ገብተሽ ውጪ። መስቀል አደባባይ ላይ ያለውን ሰልፍ አልነግርሽም።

ከበሮ መቺው፦

ጋሼ ሁሉን ተናገሩት። እኔ ደግሞ እሳቸው «ጨፋሪ» ያሉኝ ነኝ። ከበሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ። 😀

እህቴ፣ እንደ ጠላት አትዪን። ግን ሕዝቡ የት የት እንደሚቆም እኔ ልንገርሽ፣ የማቆመው እኔ ስለሆንኩ። ዲጄ ወይም ባንድ ካለበት ሃምሳ ሜትር ቀድሞ መንገዱ ይጠባል። ቡድን ሁሉ ክብ ሠርቶ ይቆማል። ስፒከሩ በቀኝ ከሆነ አንቺ በግራ ጠርዝ ሂጂ። ሙዚቃ ከሩቅ እንደሰማሽ ቦታ ቀይሪ፣ ደርሰሽ አይደለም። ሌላው መጨናነቂያ ውኃ የሚታደልበት ነው። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ይረባረባል። እለፊውና ከመጨረሻው ውሰጂ። መሬት ላይ የሃይላንድ ኮዳ እንደ ጉድ ነው። ክዳኑን የረገጠ ሰው ሲንሸራተት አይቻለሁ። እሱ ጋ እግርሽን ከፍ ከፍ አድርጊ። የሰፈር ሰዎች በጎማ ውኃ ይረጩሻል፣ ለፍቅር ነው። ስልክሽን ግን በላስቲክ ጠቅልዪ።

ስልክ ካነሳን፣ ኪስ ውስጥ አትያዥ። የዕለቱ ሌባም ተመዝግቦ ነው የሚመጣው። ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ ቦርሳ ያዢና ወደ ፊት አዙሪው። የቤት ቁልፍ ከሆነ የጫማ ክር ላይ ቋጥሪው።

ባልደረቦችሽን በተመለከተ፣ ሹልክ ብለሽ አትጥፊ። እሱ ነው የሚያስቀይመው። ማለዳ አብረሽ ሂጂ፣ ፎቶውን ተነሺ፣ ፊትሽን ይቀቡሽ፣ አንድ ዘፈን አብረሽ ዝፈኚ። ከዚያ «እኔ ልሩጥ፣ እዚያ እንገናኝ» በያቸው። የምትገናኙበትን ቦታ ቀድማችሁ ቁረጡ። ያን ቀን አደባባይ ላይ ኔትወርክ አትመኚ። እኛ ሁልጊዜ ቅዱስ እስጢፋኖስ በር ላይ ነው የምንቀጣጠረው። አንቺ ቀድመሻቸው ትደርሻለሽ፣ ያኔ ደግሞ ውኃ ገዝተሽ ጠብቂያቸው። ማንም ኮራች አይልም። ሜዳሊያውን እያሳየሽ ብትጠብቂያቸው ግን ይሉሻል።

ታክሲ እስከ አደባባዩ አያደርስሽም፣ መንገድ ስለሚዘጋ። የመጨረሻውን በእግር ነው። ሰውነት ማሟሟቂያ በዪው።

ለንደን ያለሁት፦

ሰላም እህት። እኔም ያንቺው ቢጤ ነኝ፣ እንዲያውም ካንቺ እብሳለሁ። እዚህ ለንደን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፓርክራን የሚባል ነገር አለ። 5 ኪሎ ሜትር ነው፣ በነፃ። በፈረንጆቹ 2004 እዚሁ ለንደን ቡሺ ፓርክ ውስጥ 13 ሰው ሮጦት ነው የተጀመረው። አሁን ብዙ አገር ገብቷል። የምወድለት አንድ ነገር አለ። ከሁሉ ኋላ ሆኖ እየተራመደ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ይመደባል። ሥራው መጨረሻ መውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ከተሳታፊው ማንም መጨረሻ አይወጣም። እዚህ ቀርፋፋ ሰው ያለ ጭንቀት ከኋላ ይቆማል፣ ከኋላ ያለውም እንደሱ ቀስ ብሎ የሚሮጥ ነው። መምህሩ እንዳሉት አዲስ አበባ ላይ ይህ አይሠራም። እኔ ለእረፍት በመጣሁበት ዓመት ታላቁ ሩጫን ስሮጥ እንደለመድኩት ወደ ኋላ ሄጄ ቆምኩ። ግማሹን መንገድ እስክስታ ስመታ ነው የገባሁት። ደስ ብሎኛል፣ ሩጫ ግን አልነበረም።

ሌላ የምነግርሽ አለኝ። «በኪሎ ሜትር 9 ደቂቃ» እያልሽ ራስሽን አታሳንሺ። ከየት ጋር ነው የምታወዳድሪው? ስትራቫ (የሯጮች የስልክ መተግበሪያ) ላይ ከሚታየው የፈረንጅ ሰዓት ጋር ከሆነ፣ እነሱ ባሕር ጠለል አጠገብ ነው የሚሮጡት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባሽ ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። እኔ ሐሙስ ገብቼ እሑድ ነው የሮጥኩት። ለንደን ላይ እያወራሁ የምሮጠው ፍጥነት ገና መጀመሪያው ላይ ደረቴን ዘጋኝ። ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ናት፣ ግን ሳንባ አይዘመድም። አንቺ ደግሞ እዚያው ኖረሽ፣ እዚያው ተለማምደሽ ነው የምትሮጪው። የኔን አገር ሰዓት ተይው።

ከውጭ ለሚመጡ አንባቢዎችም ልበል፦ ከሩጫው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ መግባት ካልተቻለ ሰዓት እያዩ መሮጥ ትርጉም የለውም። ተዝናኑ።

እና ፈጣኑ፣ አንተን የሚያህል ሰው በየአገሩ አለ። እዚህም አንድ አለን።

ፈጣኑ፦

ቀልዴን ነው እኮ። በርቺ።

የሲኤምሲዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የኋላው ሰው ቀርፋፋ ሳይሆን ጨፋሪ ነው ያሉት እስካሁን አልታየኝም ነበር። እውነትም እኮ ነው። በጠዋት ሄጄ ሲሶው ላይ ከግራ ጠርዝ ልቆም ነው። አቡነ ዘበሰማያቱን ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። ያ የጥበቃው ሰውዬ ሰማኝ። «ማን አባረረሽ?» ማለቱን ትቶ «ይማርሽ» አለኝ።

ከባልደረቦቼም ጋር ተነጋገርኩ። አንዷ «እኔም ካንቺ ጋር ልሩጥ» ብላኛለች። ፈጣን ናት ግን፣ እግሯ ረጃጅም ነው። ከእኔ ጋር ለመሄድ ስትል ስትሰለች እንዳላይ እፈራለሁ። «የራስሽን ሩጪ» ልላት ነው።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ የደረሰኝ ቲሸርት ኤክስኤል ነው። እኔ ሚዲየም ነኝ። ውስጡ ሁለት ሰው ይገባል። ልጆቹ በመቀስ እየቆረጡ ሲያሳምሩት አያለሁ። እንዴት ነው የሚደረገው? ደግሞ ለሩጫ ይሆናል ወይስ ለፎቶ ብቻ ነው?

ከበሮ መቺው፦

ያ ስታይል ለፎቶ ነው። ጎኑን ሸንሽነው በክር የሚያስሩትን አትሞክሪው፣ ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ሳትሄጂ ቋጠሮው ጎንሽን ይበላሻል። ሰፈር ካለ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂው። ሁለቱን ጎን ብቻ ያጥብብልሽ፣ ከታችም ትንሽ ያሳጥረው። አንገቱን ከፈለግሽ መቁረጥ ትችያለሽ። እጅጌውን ግን አትንኪ፣ የተቆረጠ እጅጌ ብብት ይልጣል፣ ማታ ሻወር ስትገቢ ነው የምታውቂው። የሩጫ ቁጥሩ ካለበት በኩልም መርፌ እንዳይገባ ንገሪው። ከዚያ አጥበሽ አንድ ጠዋት ሩጪበት። አዲስ ቲሸርት ሳይታጠብ ይሻክራል።

ጡረተኛው መምህር፦

ቫዝሊን ደግሞ ብብትሽና የጡት መያዣሽ ጠርዝ ላይ። ይህንን ባለቤቴ ናት ጻፍ ያለችኝ።